ሰርተፊኬቱን ብቻ አይታችሁ አትፈርሙ፦ የኤሌክትሮኒክ ካርድ ሶፍትዌር ለሚመርጡ ክሊኒኮች

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ክሊኒክ ካላችሁ፣ አንድ ቀን የታካሚን ካርድ በኮምፒውተር የሚይዝ ሶፍትዌር የሚሸጥ ሰው በራችሁን ማንኳኳቱ አይቀርም። ላፕቶፑን ይከፍታል፣ በቀለም ያሸበረቀ ዳሽቦርድ ያሳያል። ከዚያ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ከፋይሉ ያወጣል። «ሲስተማችን የተመሰከረለት ነው» ይላል። ብዙ ባለቤት እጅ የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው።

እኔ የጤና መረጃ ቴክኒሻን ነኝ። እኛ ሰፈር «ኤች አይ ቲ» ነው የምንባለው። ሥራ የጀመርኩት ደሴ ውስጥ ካርድ ክፍል ነው። አሁን በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት እየወጣሁና እየወረድኩ፣ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር የሚሻገሩ የግል ክሊኒኮችን አግዛለሁ። ካርድ ክፍል የሠራ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። ካርዱ ከጠፋ ወይም ከሌላ ሰው ካርድ ጋር ከተቀላቀለ፣ ሐኪሙ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን በጭፍን ነው የሚያክመው። ስለዚህ ምርጫውን ለሻጩ አትተዉለት።

መጀመሪያ ሰርተፊኬቱ ምን እንደሚል እንይ። የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህ ሶፍትዌር፣ በተፈተነበት ቀን፣ በቀረቡለት ጥያቄዎች አልፏል። እናንተ ክሊኒክ ውስጥ ይሠራል አይልም።

በዚህ ነገር ብዙ ገንዘብ አፍስሳ የሞከረችው አሜሪካ ናት። በ2009 እ.ኤ.አ. ሃይቴክ የሚባል ሕግ አወጣች። መንግሥት ሶፍትዌሩን ራሱ ገዝቶ አላደለም። የተመሰከረለት ሶፍትዌር አስገብቶ በሚገባ እየተጠቀመበት መሆኑን ላሳየ ሐኪምና ሆስፒታል ማበረታቻ ከፈለ። ሜዲኬር በሚባለው የመንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን በኩል አንድ ሐኪም በ5 ዓመት ውስጥ እስከ 44,000 ዶላር ሊያገኝ ይችል ነበር። ገንዘቡ ሠራ። በ2008 እ.ኤ.አ. መሠረታዊ የኤሌክትሮኒክ ካርድ የነበረው ሆስፒታል ከ10 አንድ እንኳ አይሞላም ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. ግን የፌዴራል መንግሥቱ ካልሆኑት አጠቃላይ ሆስፒታሎች 96 በመቶው የተመሰከረለት ሲስተም ይዘዋል።

ግን እዚያም ፈተናውን ለማለፍ ብቻ የሚሠራ ተገኘ። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር አንድን ትልቅ የሶፍትዌር ኩባንያ ከሰሰ። ሶፍትዌሩ ማንኛውንም የመድኃኒት ኮድ ከሙሉ ዝርዝር ውስጥ ፈልጎ ማምጣት ነበረበት። ኩባንያው ያደረገው ግን፣ እንደ ክሱ፣ ለፈተናው የሚያስፈልጉትን 16 ኮዶች ብቻ በእጅ ጽፎ ማስገባት ነው። ፈተናውን አለፈ፤ ሰርተፊኬቱን ወሰደ። በ2017 እ.ኤ.አ. ክሱን ለመዝጋት 155 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ጥብቅ ሕግና ገለልተኛ ፈታኝ ባለበት አገር ይህ ከሆነ፣ እኛ ሻጩ በሚያሳየን ናሙና ብቻ መርካት የለብንም።

የእኛ አገር መንገድ ሌላ ነው። ጤና ሚኒስቴር ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በነበረው የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ «የመረጃ አብዮት»ን ከአራቱ ዋና አጀንዳዎች አንዱ አደረገው። ከዚያ የጤና ሪፖርት በኮምፒውተር የሚሰበሰብበት ዲኤችአይኤስ ቱ መጣና ወርሃዊ ሪፖርቱ ወደዚያ ገባ። የግል ክሊኒክም ቢሆን ሪፖርቱን ለከተማው ጤና መምሪያ ያቀርባል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጣ። አዋጁ የጤና መረጃን ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹ መረጃዎች መድቦታል። ይህን አዋጅ የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ስለዚህ ሻጩ ወረቀቱን ሲያሳያችሁ አራት ነገር ጠይቁ። ማን ሰጠው? መቼ? ለየትኛው ቨርዥን? የተፈተነው ምኑ ነው፣ የሕክምናው ሥራ ነው ወይስ የሳይበር ደህንነቱ ብቻ? የኢንሳን (የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርን) የደህንነት ፍተሻ ያለፈ ሲስተም መልካም ነው፤ ሰርጎ ገብን ይከላከላል። ለሕፃን የሚታዘዘውን ሲረፕ በትክክል ያሰላል ማለት ግን አይደለም። ቨርዥኑንም ተመልከቱ። ወረቀቱ የቆየውን ቨርዥን የሚጠቅስ ሆኖ የሚጫንላችሁ ሌላ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሰጪውን መሥሪያ ቤት ደውላችሁ አረጋግጡ። ጤና ቢሮውንም አሁን የሚሠራበት መስፈርት የትኛው እንደሆነ በደብዳቤ ጠይቁ። መልሱን ፋይል ውስጥ አስቀምጡት፤ ለቁጥጥር ሲመጡ ይጠቅማችኋል።

አሁን ወደ ራሳችሁ ፈተና። ሻጩ በራሱ ናሙና ታካሚ እንዲያሳያችሁ አትፍቀዱ። ወንበሩ ላይ የእናንተ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ትቀመጥ፤ እሱ ከጎን ቆሞ ይመልከት።

በስም ጀምሩ። ወሎ ውስጥ ሰይድ፣ መሐመድ፣ አሊ፣ ሁሴን፣ ፋጡማ፣ ዘሃራ የማይጠራበት ግቢ የለም። እስከ አያት ድረስ አንድ ስም ያላቸው ሰዎች በአንድ ቀን ቢመጡ የሚያስደንቅ አይደለም። አንዱ ጸሐፊ መሐመድ ይላል፣ ሌላው መሀመድ፣ ሌላው ሙሐመድ። ሰይድን በሠ የሚጽፍም አለ። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ እያንዳንዱ እንደ መሰለው ነው የሚጽፈው።

አንድ ኮምቦልቻ ያለ ክሊኒክ ውስጥ ይህን ስንፈትን የሆነውን ልንገራችሁ። ካርድ ክፍል የምትሠራዋ ልጅ «ሰይድ መሐመድ አሊ» ብላ መዘገበች። ከዚያ እንደ አዲስ ገብታ «ሰይድ መሀመድ አሊ» ብላ ፈለገች። ሲስተሙ የለም አላት። «አዲስ ካርድ ይክፈቱ» የሚል አረንጓዴ ቁልፍም አወጣላት። እሷም ልትጫን እጇን ሰነዘረች፤ ሥራ ላይ ብትሆን የምታደርገው ይህንኑ ነውና። የክሊኒኩ ነርስ ከኋላ ቆመው ያዩ ነበር። «ያው ሰውዬ ሁለት ካርድ ኖረው ማለት ነው። ፔኒሲሊን እንደማይስማማው የተጻፈው የፊተኛው ላይ ቢሆንስ?» አሉ። ሻጩ አስተካክሎ እንዲያመጣ ተነግሮት ተመለሰ። ያ ክሊኒክ እስኪስተካከል ድረስ አልፈረመም።

ስለዚህ ሐ፣ ሀ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን አንድ አድርጎ የሚፈልግ መሆኑን እዩ። በስልክ ቁጥርም ፈልጉ። አንድ ስልክ ለአራት ቤተሰብ ሲመዘገብ ይቀበላል? የገጠር ታካሚ ብዙ ጊዜ የሚያስመዘግበው የልጁን ወይም የጎረቤቱን ስልክ ነው። ሁለት ካርድ ተከፍቶ ከተገኘ ማዋሐድ ይቻላል? ማን ነው የሚያዋሕደው? የፋይዳ ቁጥር ያለው ሰው ቁጥሩ ይመዝገብለት፤ በጣም ይረዳል። የሌለው ግን ካርድ መከልከል የለበትም። ቁጥሩን የግዴታ የሚያደርግ ሲስተም ከሆነ አስወጡት። ከኩታበር በእግሯ ልጅ አዝላ የመጣች እናት በቁጥር ምክንያት አትመለስም።

ቀጥሎ የቀን መቁጠሪያ። ብዙ ሲስተም የሚወድቀው እዚህ ነው። የውጭ ሶፍትዌር ላይ አማርኛ ስለተለጠፈበት ብቻ የእኛን አቆጣጠር ያውቃል ማለት አይደለም። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 የተወለደ ሕፃን መዝግቡ። 2015 ጳጉሜ ስድስት የሆነችበት ዓመት ነው። ተቀበለው? ዕድሜውን በሳምንት አስሉት። ክትባቱ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ስለሆነ የቀን ስህተት ቀጠሮ ያዛባል። ዕድሜውን በትክክል የማያውቅ ሰውስ? «ወደ ሃምሳ ይሆነኛል» ያሉ አባት ሲመጡ፣ ሲስተሙ የግድ ቀንና ወር ካልተሞላ አልፍም የሚል ከሆነ፣ ጸሐፊዋ የፈጠራ ልደት ትሞላለች። «ግምት ነው» የሚል ምልክት ያለው ሲስተም ይሻላል።

የሪፖርቱ ወር ደግሞ ከተራው ወር ይለያል። የጤና ሪፖርት ከ21 እስከ 20 ነው። የመስከረም ሪፖርት ማለት ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 20 ድረስ ያለው ነው፤ ጳጉሜ መሃል ላይ ተቀምጣለች። ሻጩ ፊት አንድ የወባ ታካሚ በጳጉሜ 5 መዝግቡ። ከዚያ የመስከረምን ሪፖርት አውጡ። ታካሚው ከሌለበት፣ ያ ሲስተም በየዓመቱ የጳጉሜን ታካሚዎች ሁሉ ይጥላል። ሳምንታዊው የበሽታዎች ቅኝት ሪፖርትም ከሰኞ እስከ እሑድ ነው። ኮምቦልቻና ሐርቡ አካባቢ ወባ ስላለ ይህ ሪፖርት እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። ሁለቱንም አስወጡና በእጅ ከቆጠራችሁት ጋር አነጻጽሩ።

ሦስተኛው ፈተና መድኃኒት ነው። የአሜሪካውን 16 ኮድ አስታውሱ። ከፋርማሲያችሁ ያለፈውን ሳምንት ማዘዣ ሰብስቡና እንዳለ አስገቡ። አሞክሳሲሊን ካፕሱሉም ሲረፑም፣ ኮአርተም፣ ኦአርኤስ ከዚንክ ጋር፣ የስኳርና የግፊት መድኃኒቱ ሁሉ ይግባ። የሕፃን ክብደት ሳይሞላ ሲረፕ ማዘዝ ያስችላል? ፔኒሲሊን አይስማማውም ተብሎ ለተመዘገበ ሰው አሞክሳሲሊን ሲታዘዝ ያስጠነቅቃል? ዝም ካለ፣ የማይስማማውን መድኃኒት የምትጽፉበት ሣጥን ጌጥ ነው።

መብራትና ኢንተርኔት ላይ ብዙ ማብራራት አያስፈልገኝም፤ ኑሯችን ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ከርሟል። ኢንተርኔት ከሌለ ካርድ የማይከፍት ሲስተም ለእኛ አይሆንም። ሰርቨሩ ክሊኒኩ ውስጥ ይሁን። ኮምፒውተሮቹ በራውተር ይገናኙ። ውጭ የሚላከው ሪፖርት መስመር ሲመጣ ይላክ። ሻጩ እያለ የኢንተርኔቱን ገመድ ንቀሉና አንድ ታካሚ ከካርድ ክፍል እስከ ፋርማሲ አድርሱ። ከዚያ ሐኪሙ እየጻፈ ሳለ የኮምፒውተሩን ሶኬት ንቀሉ። ሲመለስ የጻፈው አለ? ሰርቨሩና ራውተሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) ላይ ይሁኑ። ዩፒኤስ የምትገዙት ሥራ ለመቀጠል ሳይሆን ሰርቨሩን በሥርዓት ለማጥፋት ጊዜ እንዲሰጣችሁ ነው።

ባክአፕ ላይ ግን ልቆይ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የጤና ተቋሞቻችን ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። የስኳር፣ የቲቢ፣ የኤች አይ ቪ ታካሚ መድኃኒቱን ከየት እንዳቆመ የሚያስታውሰው ካርዱ ነው። ካርዱ ሲሄድ ታካሚው ከዜሮ ይጀምራል። ወረቀት ቅጂ የለውም፤ የኮምፒውተር ትልቁ ጥቅም ቅጂ መያዙ ነው። ይህን ጥቅም ካልተጠቀማችሁበት ለምን ገዛችሁት? አንድ ቅጂ ክሊኒኩ ውስጥ፣ አንድ ቅጂ በፓስወርድ ተቆልፎ ሌላ ከተማ ይኑር። ደሴም ኮምቦልቻም ያላችሁ፣ ከሁለቱም ራቅ ያለ ቦታ። ሻጩ «ክላውድ ላይ አለላችሁ» ካለ ሰርቨሩ የት አገር እንዳለ በጽሑፍ ይግለጽ፤ የግል መረጃ ወደ ውጭ አገር ሲተላለፍ አዋጁ ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል። ቅጂ መኖሩ ብቻም አይበቃም። በየጊዜው ቅጂውን ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሳችሁ ክፈቱት። የማይከፈት ባክአፕ ብዙ አይቻለሁ።

ሚስጥር። ከተማችን ትንሽ ናት። ካርድ ክፍል የምትሠራዋ ልጅ የታካሚው ጎረቤት ወይም የአክስቱ ልጅ ልትሆን ትችላለች። ጸሐፊዋ ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻና ቀጠሮ ብቻ ትመልከት። የላብራቶሪ ውጤት ለላብራቶሪውና ለሐኪሙ ብቻ ይታይ። ማን፣ መቼ፣ የማንን ካርድ እንደከፈተ ሲስተሙ መመዝገብ አለበት። ይህን መዝገብ ማጥፋት የሚችል ሰው መኖር የለበትም፤ ባለቤቱም ጭምር። ሁሉም በአንድ ፓስወርድ የሚገባበት ክሊኒክ ግን ይህ ሁሉ አይሠራለትም። ፓስወርዱ ስክሪኑ ላይ በፕላስተር ተለጥፎ ያየሁበት ቦታ አለ። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱ ይኑረው፣ ሥራ ሲለቅ ያን ዕለት ይዘጋ።

አሁን ውል። ውሉ ላይ ዋጋውን ብቻ ተከራክራችሁ አትለፉ። «መረጃው የክሊኒኩና የታካሚው ነው» የሚል አንቀጽ በግልጽ ይግባ። ውሉ ሲቋረጥ ሙሉው መረጃ፣ ከላብራቶሪ ውጤትና ከራጅ ምስሉ ጋር፣ በሌላ ሲስተም ሊነበብ በሚችል ፎርማት ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደሚሰጥ ይጻፍ። አሜሪካኖች ሰርተፊኬቱን ካዳረሱ በኋላ ነው ይህ ችግር ጎልቶ የወጣባቸው። የአንዱ ኩባንያ ሲስተም ለሌላው መረጃ አልሰጥ አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. መረጃ ማገትን የሚከለክል ሕግ እስከ ማውጣት ደረሱ። እናንተ በአንድ አንቀጽ ልትገላገሉት ትችላላችሁ። ዓመታዊ ክፍያ ስላልተከፈለ ካርድ የሚቆልፍ ሲስተም እንዳይሆንም ጻፉ። የገንዘብ ክርክር በፍርድ ቤት ያልቃል፤ ታካሚ ግን መያዣ አይሆንም።

ሌላው ድጋፍ ነው። ሻጩ አዲስ አበባ ከሆነ መኪና ይዞ እስኪመጣ አንድ ቀን ያልፋል። በስልክ በስንት ሰዓት እንደሚመልስ፣ በአካል በስንት ቀን እንደሚደርስ ይወሰን። ከዚያ ይልቅ ከእናንተ ሠራተኛ አንድ ሰው በደንብ እንዲሠለጥን አድርጉ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ አለው፤ ኮምፒውተር የተማረ ወጣት በከተማችን አልጠፋም።

ሥራውን ስትጀምሩ በወሩ 21 ጀምሩ። ያኔ የመጀመሪያው የሪፖርት ወር ሙሉ ይሆናል፤ ግማሹን ከወረቀት ግማሹን ከኮምፒውተር መልቀም አይኖርባችሁም። የገበያ ቀን ላይ ከዋለ ግን ተጠንቀቁ። ሰኞ ደሴ ገበያ ነው፤ ገጠሬው ለገበያ ሲመጣ ነው ሕክምናውንም የሚጨርሰው። 21 ሰኞ ላይ ከዋለ እሑድ የመጣውን ታካሚ መዝግባችሁ ተለማመዱበት፣ ሰኞ አንድ ተጨማሪ ሰው ካርድ ክፍል አስቀምጡ።

የድሮውን ካርድ ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ለማስገባት አትሞክሩ። ሰው ይደክማል፣ ስህተት ይበዛል። የስኳር፣ የግፊት፣ የአስም፣ የቲቢ ታካሚዎችንና ነፍሰ ጡሮችን አስቀድሙ። የእነዚህን ዋና ዋናውን ብቻ አስገቡ፦ ምርመራው፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ የማይስማማው ነገር፣ የመጨረሻው ውጤት። ሌላው ሲመጣ ይገባል። አዲሱ ቁጥር የድሮው ካርድ ላይ ይጻፍ፤ የድሮውም ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ ይግባ። ወረቀቱን አትጣሉ።

ሐኪሞቹን አስቡላቸው። ለአንድ ጉንፋን አሥር ገጽ የሚያስከፍት ሲስተም ከሆነ ሐኪሙ ዓይኑን ከታካሚው ላይ ያነሳል። አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች እስከ ዛሬ የሚያማርሩት ይህንኑ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ከሐኪሞቻችሁ በዕድሜ የገፉትን ቁጭ አድርጉና አንድ ታካሚ ከሰላምታ እስከ ማዘዣ ይመዝግቡ። እሳቸው ከተመቻቸው ለሌላው አይከብድም።

የመጀመሪያውን ወር በወረቀትም በኮምፒውተርም ያዙ። ድካም ነው፣ ግን አንድ ወር ብቻ ነው። በ20 ማታ ታሊውን (የመቁጠሪያ ወረቀቱን) በእጅ ቁጠሩ፣ ከሲስተሙ ሪፖርት ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡ። ልዩነት ካለ በየመስመሩ የትኛው ታካሚ እንደጎደለ ስሙን ፈልጋችሁ አግኙ። ከዚያ ሙሉው መረጃ በውሉ እንደተጻፈው ሲወጣ ዓይናችሁ እያየ በኤክሴል ክፈቱት፤ የአማርኛው ስም ወደ ጥያቄ ምልክት ተቀይሮ እንዳይሆን። የመጨረሻውን ክፍያ የምትከፍሉት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።